የኤ ዜሮ ፖስተር ካርታ ላይ ጽሑፉ ይደበዝዝብኛል (ኪውጂአይኤስ፣ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም)

ሰላም ለሁላችሁ። ቪየና ለሚካሄደው የአውሮፓ የጂኦሳይንስ ኅብረት ጉባኤ የፒኤችዲ ሥራዬን ፖስተር አዳማ ሆኜ እያዘጋጀሁ ነው። የጉባኤው ሰሌዳ 197 በ100 ሳንቲሜትር ስለሆነ ኤ ዜሮን (118.9 በ84.1) አግድም ተጠቅሜያለሁ።

መሃሉ ላይ የወንጂ ፎልት ቤልት (በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለ የፎልቶች ማለትም የመሬት ስብራቶች ቀጠና) ካርታ አለ። ከሥር ከኤስአርቲኤም 30 ሜትር የመሬት ከፍታ ዳታ የሠራሁት ሂልሼድ (የመሬቱን ወጣ ገባ በጥላ የሚያሳይ ምስል)፣ በላዩ የአለት ዓይነቶች በመልቲፕላይ (የላዩን ቀለም ከሥሩ ካለው ጋር አባዝቶ በሚያዋህድ ስልት)፣ ከዚያ ፎልቶቹ በ0.3 ሚሊሜትር መስመር፣ በመጨረሻም የቦታ ስሞች።

በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ፒዲኤፍ ሳወጣ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም ነው፤ ምስሉ 14043 በ9933 ፒክስል ስለሚሆን ሳይጨመቅ ከ550 ሜጋባይት በላይ ይይዛል። በ150 ይወጣል፤ ነገር ግን መልቲፕላይ ካርታውን በሙሉ ወደ ምስል ስለሚቀይረው ጽሑፉም አብሮ ይቀየራል። «ቦሰት» የሚለውን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ ደረጃ ተቆራርጧል፤ ቀጫጭኖቹ ፎልቶችም ተጠጋግተው አንድ ጥቁር መስመር መስለዋል። የሥራው ዋና ነገር ደግሞ እነሱ ናቸው።

«ሁልጊዜ በቬክተር አውጣ» የሚለውን አማራጭ (ቬክተር በፒክስል ሳይሆን በመስመር የተሣለ፣ ሲጎላ የማይደበዝዝ ነው) ሳበራው ጽሑፉ ጠራ፤ መልቲፕላዩ ግን ጠፍቶ የአለቶቹ ቀለም ሂልሼዱን ሸፈነው። መልቲፕላዩን ትቼ አለቶቹን 40 በመቶ ብቻ እንዲታዩ ሳደርግ ቀለማቸው ገረጣ፤ ባዛልቱንና ኢግኒምብራይቱን መለየት አቃተኝ።

አሁን ያሰብኩት ሁለት ካርታ መደራረብ ነው፦ ከታች ሂልሼዱና አለቶቹ፣ ከላይ ጀርባው ባዶ የሆነ፣ ሌየሮቹ የተቆለፉ፣ ፎልቶቹንና ስሞቹን ብቻ የያዘ። እንዲህ ካደረግኩ የታችኛው ብቻ ምስል ሆኖ የላይኛው በቬክተር ይቀራል ወይስ ሂልሼዱንና አለቶቹን አስቀድሜ ወደ አንድ ጂኦቲፍ (የቦታ መረጃ የያዘ የምስል ፋይል) ማዋሃድ ይሻላል?