በ120ም በ240ም የሚሠራ የብየዳ ማሽን ልግዛ?

የሜሪላንዱ፦ ሰላም ለቤቱ። የ1987 ቶዮታ ፒክአፕ አለኝ። የክረምት መንገድ ጨው ወለሉን በልቶታል። በትርፍ ሰዓቴ ራሴ ልበይደው ነው። ጋራዤ ውስጥ ያለው 120 ቮልት፣ 20 አምፔር ሶኬት ብቻ ነው። በሁለቱም ቮልት የሚሠራ ሚግ (ሽቦ እየመገበ የሚበይድ ማሽን) ልግዛ ወይስ ርካሿ ባለ 120 ትበቃኛለች? ወደፊት አገር ቤት ልወስደውም አስቤያለሁ።

ባቲላሜራው፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም የሚችለውን ግዛ። ለወለሉ ብለህ ግን አይደለም። የመኪና ላሜራ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለሱ 120 ይተርፋል። የሚያስቸግርህ የጉልበት ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው፤ ላሜራው ይበሳብሃል። 240 የምትፈልገው ከ3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ብረት ሲመጣ ነው። ሻንሲ ደግሞ የጀማሪ ሥራ አይደለም፤ እሱን ለባለሙያ ተው።

ሻጩ ስለ ትልቁ አምፔር ያወራሃል። አንተ ትንሹን ጠይቀው። እስከ 30 የሚወርድ ከሆነ ጥሩ ነው። ሽቦው 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ጋዙ 75 በመቶ አርጎን፣ 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሁን። ያለ ጋዝ የሚሠራው ፍለክስ ኮር ሽቦ ይረጫል፣ ሙቀቱም ይበዛል። ነፋስ ላይ ለወፍራም ብረት እንጂ ለላሜራ አልወደውም።

እኔ ሶማሌ ተራ በኦክስጅንና በካርባይድ ነው ያደግኩት። ያም ሆኖ ሕጉ አንድ ነው፦ መስመር ጎትተህ አትሂድ፣ ላሜራው ይጣመማል። እዚህ አንድ ፑንታ (የነጥብ ብየዳ)፣ ራቅ ብለህ ሌላ፤ ሲቀዘቅዝ መሃሉን ሙላ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ ምንጣፉን አውጣ፣ ከሥር የነዳጅ ቱቦ የት እንደሚያልፍ እይ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረትማ እንዳትነካ! ሲሞቅ ፎስጂን የሚባል መርዝ ይወጣዋል።

የሜሪላንዱ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ዱቲ ሳይክል 20 በመቶ» የሚለው አያንስም? የልብስ ማድረቂያው ሶኬትስ 240 አይደል?

ኤሌክትሪኩ፦ 20 በመቶ ማለት በዚያ አምፔር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 2ቱን መበየድ ትችላለህ ማለት ነው። በፑንታ ለሚሠራ ሰው አያልቅም። የማድረቂያው ሶኬት 240 ነው፣ ብሬከሩ ግን ብዙውን ጊዜ 30 አምፔር ነው። የማሽኖቹ መሰኪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የ50 ስለሆነ አይገጥምም። ማገናኛ ይሸጣል፤ ለላሜራ ይበቃሃል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ግን አትጠቀም፣ ይግላል።

አገር ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ማሽኑ ኢንቨርተር (በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ) ከሆነና 50/60 ኸርዝ የሚል ከተጻፈበት መሰኪያውን ማስቀየር ብቻ ነው።

ባቲላሜራው፦ እሱ ላይ ልጨምር፦ በኤሌክትሮድም የሚበይደውን ምረጥ። አገር ቤት የሚግ ጋዝ እንደልብ ላታገኝ ትችላለህ፤ ኤሌክትሮድ ግን የትኛውም የብረታ ብረት ሱቅ አለ።