ስብሰባ ላይ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ እንዴት እናድምጣቸው?

ጥያቄ (ከቦኖው ሰፈር)፦
የቀበሌያችን ቦኖ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይከፈታል። ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ከማስገባታችን በፊት ነዋሪውን መስማት ፈልገናል። ስብሰባ ሲጠራ ግን የሚናገሩት ሽማግሌዎቹና ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ጀሪካን የሚሸከሙት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። ምን ይሻላል?

አወያይ፦
ትልቁን ስብሰባ ወደ መጨረሻ አቆዩት። መጀመሪያ ሴቶችን፣ ልጃገረዶችንና ወንዶችን ለየብቻ አስቀምጡ፤ ለአንድ ቡድን ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል። አማትና ምራት አንድ ላይ አይግቡ፤ ምራቷ አፏን አትከፍትም። የገበያ ቀን አትጥሩ። ቡና የሚፈላበት ሰዓት ደህና ነው፤ ደብተሩ ግን አቦል ሳይጠጣ አይውጣ።

«ችግር አለ ወይ?» ካላችሁ መልሱ «አዎ፣ ውሃ የለም» ነው፤ ለአቤቱታ አይረባም። «ትናንት ውሃ ልትቀዱ ስንት ሰዓት ወጣችሁ? ስንት ጀሪካን አገኛችሁ? ሕፃኑን ማን ያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ሲሉ ሌላ ጥያቄ አትደርቡ፤ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይጻፍ፤ ቃሉንም እንዳለ ይጻፍ። «ጀሪካኑ ወገቤን ቆረጠኝ» ያለችውን «የአቅርቦት እጥረት» ብሎ የጻፈ ሴትዮዋን ከወረቀቱ አስወጣት።

የዱራሜ ልጅ፦
ከቦኖው ውጪ ያለውንም ስሙ። ቦጋለች ገብሬ በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም ሲነሱ ሕዝቡ መጀመሪያ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር። ድልድዩ ተሠራ፤ ስለ ግርዛት ለመነጋገር በሩ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንዷ ስለ መንገድ መብራት ብታነሳ «ከአጀንዳ ውጪ» አትበሏት። ምናልባት ገና ሳይነጋ ወረፋ ለመያዝ የምትወጣው ልጇ ናት።

ቦኖ ጠባቂዋን አትርሱ። ፓምፑ የሚቆመው በነዳጅ፣ በመብራት ወይስ በዕዳ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ቃሏ የሌለበት አቤቱታ ወደማይመለከተው ቢሮ ሊሄድ ይችላል።

ከቦኖው ሰፈር፦
እናመሰግናለን። ሊቀመንበሩ ልቀመጥ ቢልስ? ስምስ እንመዝግብ?

አወያይ፦
ቀድማችሁ አሳውቁት፣ ለብቻውም አድምጡት፤ ሴቶቹ መሃል ግን አይቀመጥ። በደብተሩ ላይ «ሴት፣ በ40ዎቹ፣ የላይኛው መንደር» ይበቃል። ስምና ፊርማ በመጨረሻው አቤቱታ ላይ ብቻ ይሁን፣ ያውም ለፈቀደ ሰው። በ15 ቀን ውስጥ ተመልሳችሁ የጻፋችሁትን ለየቡድኑ አንብቡ፤ «እንዲህ አላልኩም» የምትል ካለች እዚያው ይታረም። ይህ ከተዘለለ በሁለተኛው ጥሪ የሚመጣ አይኖርም። ውሃ ይገባል ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ አቤቱታው የሚገባበትንና መልሱን የምትነግሩበትን ቀን ብቻ ንገሯቸው።