የራዲያተር ቫልቭ መዝጋት የሂት ፓምፕን የኤሌክትሪክ ወጪ ይጨምራልን?

ጥያቄ (ከጅማ፣ ሂርማታ)፦
የፍሪጅ ጥገና ባለሙያ ነኝ። ጀርመን የምትኖረው ታላቅ እህቴ በጋዝ ይሠራ የነበረውን የቤት ማሞቂያ አስነሥታ ሂት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት ስቦ ቤት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሽን) አስገጥማለች፤ ራዲያተሮቹ (ሙቅ ውሃ እያለፈባቸው ክፍል የሚያሞቁት ብረቶች) ግን የቀድሞዎቹ ናቸው። የማትገባባቸውን ክፍሎች ራዲያተር ዘግታ የሳሎኑን ብቻ ብትከፍትም፣ ቆጣሪው ካሰበችው በላይ እየቆጠረባት ተቸግራለች። የማሽኑ አሠራር የፍሪጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ የራዲያተር ቫልቭ (የውሃው መክፈቻና መዝጊያ) ግን እዚህ ጅማ ገጥሞኝ ስለማያውቅ ምን ልበላት?

መልስ 1፦
ወንድማችን፣ መልሱ ከራስዎ ሙያ አይርቅም። የፍሪጅ ኮንደንሰር፣ ማለትም ሙቀት የሚያስወጣው ቱቦ፣ አቧራ ሲሸፍነው ወይም ከግድግዳ ሲጣበቅ፣ ሙቀቱን ማስወጣት ስለሚያቅተው ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) በከፍተኛ ግፊት እየሠራ ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። የሂት ፓምፕ ኮንደንሰርም ሙቀቱን የሚያራግፈው ወደ ራዲያተሮቹ በሚሄደው ውሃ ነውና፣ ራዲያተሮችን መዝጋት ያንኑ ኮንደንሰር መሸፈን ነው። ውጭው 0 ዲግሪ ሆኖ 35 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከበቃ፣ ከ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ በፊዚክስ ሕግ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛው ሙቀት 8.8 ኪሎዋት ያህል ነው፤ 55 ዲግሪ ከተፈለገ ግን ወደ 6 ይወርዳል። እውነተኛ ማሽን የሚያገኘው ከዚህ ግማሽ ገደማ ቢሆንም፣ ልዩነቱ ያው ነው።

በዚያ ላይ የተዘጋው ክፍል በግድግዳውና በበሩ በኩል የሳሎኑን ሙቀት ስለሚስብ፣ ብቻውን የቀረው ራዲያተር የበለጠ ትኩስ ውሃ ይፈልጋል። ኮምፕረሰሩም ከተወሰነ አቅም በታች መውረድ ስለማይችል፣ ሙቀቱን የሚቀበለው ሲያንስ ቶሎ ጠፍቶ ቶሎ ይነሣል፤ ይህ ኮምፕረሰርን እንዴት እንደሚጎዳ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

መልስ 2፦
እህትዎ የዋና ዋና ክፍሎቹን ቫልቮች እስከ መጨረሻው ትክፈት። ከዚያም ማሽኑ ላይ የውሃውን ሙቀት 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ አድርጋ፣ ቤት በዝግታ ስለሚሞቅና ስለሚቀዘቅዝ አንድ ሁለት ቀን ጠብቃ፣ ክፍሎቹ እስከሚበቃቸው ድረስ ብቻ እየሞቁ መሆኑን እያየች ትቀጥል። መኝታ ቤትና ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ከልክ በላይ እንዳይሞቁ ቫልቭ ያስፈልጋቸዋል፤ በብዙዎቹ ቫልቮች ላይ ቁጥር 3 ማለት 20 ዲግሪ ገደማ የክፍል ሙቀት ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃው ከቀዘቀዘ የድሮዎቹ ራዲያተሮች ይበቃሉን?

መልስ 1፦
ሁሉም ላይበቁ ይችላሉ። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ፣ ውሃው በአማካይ 70 ዲግሪ ሳለ 1,000 ዋት የሚሰጥ ራዲያተር፣ በ40 ዲግሪ ውሃ 300 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ቫልቮቹ ሁሉ ተከፍተው አንድ ክፍል ብቻ ከቀዘቀዘ፣ ለሁሉም ብላ ውሃውን ከምታሞቅ ይልቅ የዚያን ክፍል ራዲያተር በትልቅ ብታስለውጥ ይሻላታል።