ለከተማና ለአዳማ ምልልስ፦ ሲጋል ባለ 30፣ ባለ 38 ወይስ ዶልፊን?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የቢዋይዲ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው፤ ሦስት ምርጫ ይዣለሁ፦ ሲጋል ባለ 30.08 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ (305 ኪ.ሜ ይላል)፣ ሲጋል ባለ 38.88 (405 ኪ.ሜ)፣ ትንሽ ጨምሬ ደግሞ ዶልፊን ባለ 44.9 (420 ኪ.ሜ)። በቀን ከ45 ኪ.ሜ አልበልጥም፤ በየሁለት ሳምንቱ ግን ከአዲስ አበባ አዳማ ሄጄ በዚያው ቀን እመለሳለሁ። ቤቴ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ቆጣሪዬ ነጠላ ፌዝ፣ እስከ መኪና ማቆሚያው ገመዱ 40 ሜትር ይሄዳል። ዶልፊን በእርግጥ ሩቅ ይወስዳል? ቤት ቻርጅ ማድረጉስ ያስኬዳል?

መልስ 1

መጀመሪያ 405 የሚለውን ተወው። ቁጥሩ የመጣው መኪና በአንድ ሙሌት ስንት ኪ.ሜ እንደሚሄድ ከሚለካበት ከቻይናው ሲኤልቲሲ ነው፤ የዚህ መለኪያ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪ.ሜ ገደማ ነው፤ የከተማ አነዳድ ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ ዶልፊን ሰርፍ በሚል ስም የሚሸጠው ባለ 30ው ሲጋል በእነሱ መለኪያ 220 ኪ.ሜ ብቻ ነው የተጻፈለት። ስለዚህ ኪሎሜትሩን ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓቱን ቁጠር።

አዳማን እናስላው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ አዳማ 1,620 ገደማ ነው። ሲጋሉ ከነተሳፋሪው 1,400 ኪሎ ቢመዝን፣ ያንን 730 ሜትር ለመውጣት ብቻ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ የሞተሩና የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረው ዕቃ) ብክነት ሲታከል ከ3 ያልፋል። በሜዳ በሰዓት 90 ኪ.ሜ ስትነዳ ለ100 ኪ.ሜ 13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያዝ። ቁልቁል ስትወርድ 2 ገደማ ትቆጥባለህ። መንገዱን 100 ኪ.ሜ ያህል ብንይዘው መሄጃው 11፣ መመለሻው 16፣ ድምሩ 27።

ባለ 30.08ቱን ሙሉ አድርገህ ብትወጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይዘህ ትገባለህ። ይሄ 10 በመቶ ነው፤ ዝናብ ወይም የፊት ለፊት ንፋስ ከገጠመህ ያልቃል፣ ያውም ዳገቱ ያለው ባትሪው በሳሳበት በመጨረሻው መንገድ ላይ ነው። ባለ 38.88ቱ 30 በመቶ ይተርፈዋል። ዶልፊን ስለሚከብድ ድምሩ ወደ 30 ይጠጋል፤ የሚተርፈው 33 በመቶ ያህል ነው። ለዚህ መንገድ ከትልቁ ሲጋል ብዙም አይለይም። የሚጨምርልህ ስፋት ነው፤ ለቻይና ገበያ የተሠራው ሲጋል አራት ወንበር ብቻ እንዳለው አትርሳ።

ፍጥነት ላይ ተጠንቀቅ፦ ከ90 ወደ 110 ስትወጣ የአየሩ ተቃውሞ በግማሽ ያህል ይጨምራል። እኛ ጋ ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ትንሽ ይረዳል እንጂ ይሄን አያካክስም።

መልስ 2

ስሌቱ ልክ ነው፤ እኔ ፈጣን ቻርጁን ልጨምር። ጣቢያው 120 ኪሎዋት ቢሆንም መኪናው የሚቀበለው የራሱን ጣሪያ ነው፦ ትንሹ ሲጋል 30፣ ትልቁ 40፣ ዶልፊን 60 ኪሎዋት። ሁለቱም ሲጋሎች ከ30 ወደ 80 በመቶ በግማሽ ሰዓት ይደርሳሉ ይባላል፤ እውነትም ነው፤ ግን በዚያው ግማሽ ሰዓት ትንሹ 15፣ ትልቁ 19 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛል። በዋና መንገድ 115 እና 150 ኪ.ሜ ማለት ነው። ከ80 በኋላ ፍጥነቱ ስለሚወርድ ጣቢያ ላይ 100 አትጠብቅ።

100 የሚሞላው ቤት ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) ስለሆነ ቮልቴጁ ከባዶ እስከ ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ሁልጊዜ ከ40 እስከ 70 ብቻ ካመላለስከው የዳሽቦርዱ ቁጥር እየሳተ ይሄዳል። በሳምንት አንዴ እስከ 100 ሙላው። አለበለዚያ 10 በመቶ ያለህ መስሎህ 5 ሊሆን ይችላል።

መልስ 3

ስለ ቤቱ ገመድ እኔ ልመልስ። ትልቁን ሲጋል ከ20 እስከ 100 በመቶ ለመሙላት ብክነቱን ጨምሮ ከቆጣሪ 35 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወጣል። በ10 አምፔር 16 ሰዓት፣ በ16 አምፔር 10 ሰዓት፣ በ32 አምፔር ከ5 ሰዓት ትንሽ በላይ ይፈጃል። ለዕለቱ 45 ኪ.ሜ ግን የሚያስፈልግህ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ 10 አምፔሩ በሁለት ሰዓት ተኩል ይመልሰዋል። 32 አምፔር ካላስገባሁ ብለህ አትጨነቅ።

ለ40 ሜትር ርቀት 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) ገመድ ላይ 32 አምፔር ብትጭን 18 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ወደ 570 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ገመዱ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው፤ ሽፋኑን የሚያቀልጠው እሱ ነው። ለ16 አምፔር 4 ካሬ፣ ለ32 አምፔር 6 ካሬ መዳብ ከማከፋፈያው በቀጥታ ለብቻው ይሳብ። ለ16ቱ 20፣ ለ32ቱ 40 አምፔር ብሬከር፣ ከእሱ ጋር 30 ሚሊአምፔር የሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚያጠፋው)። የተጠቀለለ ማራዘሚያ በፍጹም አይሆንም።

ቻርጀሩ ቀይ መብራት አሳይቶ አልጀምር ካለ መጀመሪያ ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ) እዩ። ብዙ ሕንፃ ላይ ሦስተኛው ቀዳዳ አለ፣ ከጀርባው ሽቦ የለም። ኧርዙን ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን የሚያታልል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ ኒውትራሉ የተቋረጠ ቀን የመኪናው ቆርቆሮ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅ መርምሩ፤ ለብ ካለ ችግር የለም፣ እጅ ካላስቀመጠ ወይም ወደ ቡናማ ወይም ጥቁር ከተለወጠ ንቀሉና ቀይሩት።

ጠያቂ

ትልቁን ሲጋል ወስኛለሁ። በዚሁ ቆጣሪ እንጀራም ይጋገራል፤ አብሮ ይችላል?

መልስ 3

ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ቢሆን 16 አምፔር ይወስዳል። መኪናው 16 ሲጨመር 32 ነው። ዋናው ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ፤ ከ40 በታች ከሆነ አብረው አይሂዱ። መኪናውን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሞላ ሰዓቱን አስይዘው፤ በ16 አምፔር 25 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው ውስጥ ይገባል። ወደ አዳማ በምትሄድበት ዋዜማ ግን ባትሪው ቀድሞ ከ40 በመቶ በላይ ይሁን፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደገና ካልተሰካ የማይጀምር ቻርጀርም አለ።

መልስ 2

ገንዘቡን ሳትከፍል የመሰኪያውን ክዳን ክፈት። ከቻይና በቀጥታ የመጣ ከሆነ ጂቢቲ (የቻይና የመሰኪያ ዓይነት) ነው፦ አንዱ ሰባት ቀዳዳ፣ ፈጣኑ ዘጠኝ። የአውሮፓው መሰኪያ ሲሲኤስ 2 ሰባቱ ቀዳዳ ሲታይ ከእሱ ጋር ይመሳሰላል፣ ግን አይገጥምም። ለቤት ቻርጅ ተራ መቀየሪያ ይሠራል። ለፈጣኑ ግን ሁለቱ ከጣቢያው ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ኤሌክትሮኒክስ ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ርካሹ ይሰካል እንጂ አያስጀምርም። ሻጩን ይዘህ ሁልጊዜ የምትጠቀምበት ጣቢያ ሂድና አሥር ደቂቃ ሞክረው፤ ባትሪው ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ስክሪኑ ላይ ከ30 ኪሎዋት በላይ ካሳየ መስመሩ ጤነኛ ነው።