የዮርክ የእንጨት ቤቶች ፎቃቸው ለምን ወደ መንገድ ወጣ?

ሰናይት፦
ሰላም ናችሁ? እንግሊዝ፣ ሊድስ ነው የምኖረው። እንግዶች መጥተውብኝ ዮርክ ይዣቸው ሄድኩ። ሻምብልስ በምትባለው ጠባብ መንገድ ላይ ያሉት የእንጨት ቤቶች ምድራቸው ሱቅ ነው። ፎቃቸው ግን ወደ መንገዱ ወጥቶ ከማዶው ቤት ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረው። አክስቴ «መሬት ለመስረቅ ነው» ብላ ደመደመች። እውነት ነው? ሁሉም ጠማማ ሆኖስ እንዴት አልወደቀም?

አናጢው፦
አክስትሽ ግማሹን አውቀውታል። የመንገድ ዳር ቦታ ውድ ነበር፤ ፎቁን ወደ ውጭ ከገፉት ክፍሉ ይሰፋል።

እኔ እዚሁ እንግሊዝ አሮጌ ቤት ከሚጠግኑ አናጢዎች ጋር ነው የምሠራው። ሌላው ምክንያት ወለሉ ሲከፈት ይታያል። ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ከግድግዳው አልፈው ይወጣሉ። የላይኛው ግድግዳ ጫፋቸው ላይ ይቆማል። ጫፉ ሲጫን መሃሉ እንዳይረግብ ያግዛል። ደግሞም ከመሬት እስከ ጣሪያ የሚደርስ ረጅም ቋሚ መፈለግ ቀረ፤ ለየፎቁ አጭር ይበቃል።

ሻምብልስ የሥጋ ሻጮች መንገድ ነበረች። ሥጋ የሚሰቀልበት መንጠቆ ዛሬም አለ። ከመስኮቱ ስር ያለው ሰፊ ጣውላ ሥጋው የሚዘረጋበት ነው። የወጣው ፎቅ ፀሐይና ዝናብ ይከልልለታል። ፍሪጅ በሌለበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠማማ የሆነው ኦክ የሚባለውን እንጨት እርጥብ ሳለ ስለሚሠሩት ነው። ከደረቀ መሣሪያ አይበግረውም። ቤቱ ከቆመ በኋላ እንጨቱ እየደረቀ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ግን አንዱ እንጨት ሌላው ውስጥ ገብቶ በእንጨት ችንካር ስለተያዘ፣ አብሮ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይላቀቅም። አንዳንዱ ላይ የሮማውያን ቁጥር የሚመስል ጭረት ታያለሽ። አናጢው መጀመሪያ በግቢው ገጣጥሞ፣ ምልክት አድርጎ፣ ፈታትቶ ነው ወደ ቦታው የሚያመጣው። እኔ ይህን ጭረት ሳገኝ ሥራዬን አቁሜ በጣቴ እዳስሰዋለሁ። አለቃዬ አይወድልኝም።

የበርሚንግሃሙ፦
በእንጨቱ መሃል ያለው ነጩስ? ጡብ ነው?

አናጢው፦
አንዳንዱ ኋላ ላይ በጡብ ተሞልቷል። የጥንቱን ግን ጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ቀጫጭን እንጨት ይጠላለፋል፣ ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ ይመረግበታል፣ ላዩ ኖራ ይቀባል።

እባካችሁ እንዲህ ያለ ቤት ከገዛችሁ ሲሚንቶ አታስጠጉ! ባለፈው ክፍለ ዘመን ብዙ ሰው በሲሚንቶ ለሰነው። ውሃው መውጫ አጥቶ እንጨቱን ውስጥ ለውስጥ አበሰበሰው። እኛ አሁን ቆርጠን የምንጥለው ያንን ነው።

ጥቁርና ነጩ ቀለም ደግሞ ብዙ ቦታ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (በፈረንጆች 19ኛው ክፍለ ዘመን) ፋሽን ነው። ቀድሞ ኦኩ ሳይቀባ ግራጫ ይሆን ነበር፣ ወይም እንጨቱም ጭቃውም አንድ ላይ ኖራ ይቀባ ነበር።

ሰናይት፦
ተባረክ ወንድሜ! ከዚህ የሚቀድም አለ?

አናጢው፦
እዚያው አጠገብ ጉድራምጌት የሚባል መንገድ ላይ ሌዲ ሮው አለልሽ። በፈረንጆች 1316 አካባቢ የተሠራ ተርታ ቤት ነው። ፎቃቸው ወደ ውጭ ከወጣ የእንግሊዝ ቤቶች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የተሠራውም ለኪራይ ነው፤ ገቢው ከኋላው ላለችው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የቤተ ክርስቲያኗ መግቢያ ከመንገዱ በኩል ትንሽ በር ናት፤ ሰው ሳያያት ያልፋል። በሱቆቹ መሃል ፈልጊያት።