ለካርታ ሰርቨራችን ስንት ሜጋቢት ይበቃዋል? እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚያደርስ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ማንም በነፃ የሚጠቀምበትን የኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ዳታ አውርደን ካርታውንም፣ መንገድ የሚያወጣውን ኦኤስአርኤምንም ቢሮ ባለው ሰርቨር ላይ ጭነናል። ከቢሮ ወደ ውጭ የሚልከው መስመራችን ግን በሰከንድ 10 ሜጋቢት ብቻ ነው።

እስቲ ስሌቴን እዩልኝ። ካርታው የሚላከው ጎኑ 256 ፒክሰል በሆነ የምስል ቁራጭ ነው። አንድ የኮምፒውተር ስክሪን ለመሙላት 45 ያህል ቁራጭ ያስፈልጋል። የኛን ስለካው አንዱ በአማካይ 15 ኪሎባይት ሆነ። ስለዚህ ካርታውን አንዴ መክፈት 675 ኪሎባይት፣ ማለትም 5.4 ሜጋቢት ይበላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቅርንጫፍ ያሉት 30 ሠራተኞች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢከፍቱት፣ በሰከንድ 2.7 ሜጋቢት ይመጣል። ይበቃል ብዬ ነበር።

ትናንት ግን ቃሊቲ ያለችው ባልደረባዬ ፎቶ ላከችልኝ። ግማሹ ካርታ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ሾፌሩ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል። ለካ ሰው በእኩል ተራ አይመጣም! ሁሉም በ5 ሰከንድ ውስጥ ከገባ በሰከንድ 32 ሜጋቢት ያልፋል። ዙም ባደረጉ ቁጥር ደግሞ አዲስ ቁራጭ ይጠየቃል።

የመንገዱ መልስ ጽሑፍ ስለሆነ ብዙም አያሳስበኝም፤ በጂዚፕ እየታመቀ ነው የሚሄደው።

አማካዩን በስንት አባዝቼ ነው ለጭንቅ ሰዓት የምይዘው? ወደ ቬክተር ቁራጭ (በምስል ፈንታ ዳታው ተልኮ ብራውዘሩ ራሱ ካርታውን የሚስልበት) ልቀይር ወይስ መጀመሪያ ብራውዘሩ ቁራጮቹን ለቀናት እንዲያስቀምጥ ላድርግ? የሞከራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፤ ሰኞ ለአለቃዬ ቁጥር ማቅረብ አለብኝ።