የኮቴ ድምፅ አቅጣጫ መለየት አልቻልኩም

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ቤቴ ቫሎራንት የተባለውን የተኩስ ቪዲዮ ጨዋታ ስጫወት የተጋጣሚ ኮቴ ከግራ ይምጣ ከኋላ አይለይልኝም፤ በዚያ ላይ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ በማይክሮፎኔ በኩል የቡድን ጓደኞቼን ይረብሻቸዋል። ማዳመጫዬ በብሉቱዝ የሚሠራ ነው። ምን ላስተካክል?

መልስ 1፦ በጨዋታው የድምፅ ቅንብር ውስጥ ኤችአርቲኤፍ (HRTF፣ በማዳመጫ የሚሰማው ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ እንዲለይ የሚያደርግ አማራጭ) የሚለውን አብርተው፣ በዊንዶውስ ወይም በማዳመጫው ሶፍትዌር በኩል የተከፈተ የዙሪያ ድምፅ ካለ ያጥፉት፤ ሁለቱ ሲደራረቡ አቅጣጫው ይደበላለቃልና።

መልስ 2፦ እኔ ግን ብሉቱዙን እጠረጥራለሁ። ማይክሮፎኑ ሲከፈት አብዛኛው የብሉቱዝ ማዳመጫ ወደ ስልክ ጥሪ የድምፅ ጥራት ስለሚወርድ ኮቴው ይታፈናል፤ ድምፁም ይዘገያል። ርካሽም ቢሆን ባለገመድ ይሻላል።

መልስ 3፦ ስለ ዝናቡ፦ የሐምሌን ዝናብ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ቅንብር አላገኘሁም። ማይክሮፎኑን ወደ አፍዎ አስጠግተው የመቀበያ መጠኑን ይቀንሱ፤ ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ የሚከፈትበትንም አማራጭ ይምረጡ።